የነጥብ ቀን

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ሁለቱ ልጆቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ደብተር ተዘርግቷል፣ እርሳስ ተቀርጿል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ አንድ ብርጭቆ አጥባለሁ። ብርጭቆው ከጸዳ ቆይቷል፤ ግን ካስቀመጥኩት ወደ እነሱ መሄዴ ነው። አላመመኝም፣ ከማንም አልተጣላሁም። ልቤ ብቻ አልነሳ አለኝ።

ልጆቹን ቤቱ የሚያስተምር ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። ትምህርት ቤት አስተማሪ ቢቀር ሌላ አስተማሪ ገብቶ ክፍሉን ይይዛል። መሥሪያ ቤት የደበረው ሰው ከጓደኛው ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ወረቀት አገላብጦ ቀኑን ያሳልፋል። እዚህ ግን አስተማሪዋም፣ ርዕሰ መምህሯም፣ ምሳ የምትሠራውም አንድ ሰው ናት። እሷ ያልተነሳች ቀን ደወል የሚደውል የለም። የሚያዩዋት ዓይኖች ደግሞ የገዛ ልጆቿ ናቸው፤ ፊቷን ከፊደል በፊት ማንበብ የለመዱ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው፤ በረንዳ ላይ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። በበጋ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ በመስኮት ያስገባዋል፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ባለቤቴ ሥራው መሀል ከተማ ስለሆነ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል፤ የሚመለሰው ከመሸ ነው። ቀኑ የእኔና የልጆቹ ነው።

ወደዚህ ሕይወት እንዴት እንደገባን በአጭሩ ልናገር። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትልቋ ልጄ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። ያን ጊዜ እቤት ፊደል አስቆጠርኳት፤ ደስ ብሏት ተማረች፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ለጊዜው ነው ብለን ነበር። ትምህርት ሲከፈት መለስናት። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይወስዳታል፤ ማታ ስትመጣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ተሸክሜ ነው ደረጃውን የምወጣው። ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ማንበብ አዘገየች ተብላ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆማ ዋለች። ከዚያ ወዲህ እሑድ ማታ በመጣ ቁጥር ሆዷን ያማት ጀመር። ሐኪም ጋ ወሰድናት፤ ሆዷ ደኅና ነው ተባልን። እኔ ግን እሑድ ማታ ፊቷ ላይ የማየውን አውቃለሁ። ክረምቱ ሲገባ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ሌሊት ተነጋግረን አስወጣናት። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራዬን ለቀቅኩ። አሁን ልጆቹ ሲተኙ የሁለት ሱቆችን መዝገብ እይዛለሁ። ትልቋ 10 ዓመት ሞልቷታል፤ ማሙሽ 6 ካለፈው ወራት ሆኗል።

የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁትን ሳስብ አሁንም ያመኛል። የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሩብ ሒሳብ፣ ቀጥሎ አማርኛ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ 9 ሰዓት። ልቤ ያልተነሳበትን ቀን እንደ ኃጢአት ነበር የምቆጥረው። «እነዚህን ልጆች ከትምህርት ቤት አስወጥተሽ፣ አንቺ ራስሽ ትለግሚያለሽ?» እያልኩ ራሴን እየነዳሁ እቀመጣለሁ። የተነዳ ሰው ደግሞ ሌላውን ይነዳል።

አንድ የየካቲት ቀን፣ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ፣ የሰባትን ማባዣ ላስጠናት ተቀመጥኩ። 7 ሲባዛ በ8 ላይ ደርሳ 54 ብላ ጻፈች። «ተሳስተሻል» አልኳት። አጠፋችው። 58 አለች። «እንደገና።» አጠፋችው። ድምፄ ጮክ ያለ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጩኸት የከፋው እሱ ነው። ላጲሱ ያረጀና የደረቀ ስለነበር ከእርሳሱ ይልቅ ወረቀቱን ነው የሚፍቀው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ወረቀቱ ተቀደደ። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። ግራ እጇን ቀስ አድርጋ አንሥታ መዳፏን ቀዳዳው ላይ ጫነችው፤ እንዳላየው። በቀኝ እጇ እርሳሱን እንደያዘች ቀረች። የጣቷ ጫፍ በእርሳስ ጠቁሯል። ፊቷ የእሑድ ማታው ፊት ነበር። ከሌላ ሰው ክፍል ያወጣሁትን ፊት እኔው ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት።

ደብተሩን ዘጋሁ። ምንም የሚባል ነገር አልመጣልኝም። «በቃ፣ ቡና ላፍላ» ብዬ ተነሣሁ።

እማማ የገቡት ያን ዕለት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፤ የቡና ሽታ ሲደርሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን ይወጡታል። አቦሉን እንደጠጡ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ እኔ አመላለሱና «ዛሬስ ቤቱ ጸጥ ብሏል» አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። ልቤ እንደማይነሳ፣ ልጅቷን እንዳስከፋኋት፣ ይህ ሥራ ከአቅሜ በላይ ሳይሆን እንዳልቀረ።

እማማ ያደጉት ገጠር ነው። ወንድማቸው የኔታ ዘንድ ሲማር እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ጥጃ እየጠበቁ፣ በጆሯቸው ብቻ ሰምተው ነው ፊደሉን የያዙት። ቶናውን እስክቀዳ ዝም ብለው ቆዩና «የኔታም እኮ ይደክማቸው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

«ሲደክማቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ጋቢያቸውን ተከናንበው ዛፉ ሥር ጋደም ይላሉ። ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ይይዛል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ተኙ ስንል፣ አንዱ ሲስት ከጋቢው ውስጥ ሆነው ያርሙታል።»

ይህን ሲሉ ማሙሽ ፊደል የተጻፈበትን ካርቶን ይዞ መጥቶ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። ጠዋት እኔን ጠይቆኝ ያልመለስኩለት ጥያቄ ነበረው። «እማማ፣ ለምንድነው ሁለት ሰ ያለው?» እኔ «ዝም ብለህ ቁጠር» ብዬው ነበር። እሳቸው ካርቶኑን ተቀብለው ጣታቸውን አሳረፉበት። «ይኼኛው እሳቱ ሰ ነው። ይኼኛው ደግሞ ንጉሡ ሠ። እሳትና ንጉሥ በአንድ ቤት ይኖራሉ እንዴ?» አሉት። ልጁ ተገረመ። ሌሎቹንም አወጡለት፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ፊደሎቹ ስማቸውን ያገኙት በግዕዝ ከሚጻፉባቸው ቃላት መሆኑን እኔም ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ ለልጄ መንገር ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የሱቅ ሰሌዳና የታክሲ ጽሑፍ እያነበበ «ይኼ ንጉሡ ነው፣ ይኼ እሳቱ ነው» ሲል ከረመ።

እማማ ከወጡ በኋላ ያሰብኩት ስለ የኔታ ጋቢ ነው። የቄስ ትምህርት አስተማሪው በየቀኑ በጋለ ስሜት እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ ትምህርት አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ ቀኑን ይሸከማል። ፊደሉ ያው ፊደል ነው፤ ከትናንት ቀጥሎ ያለው ይታወቃል፤ ትልቁ ትንሹን ይይዛል፤ አስተማሪው ደክሞት ጋደም ቢል ትምህርቱ አይቆምም። እኔ የሠራሁት ግን ሁሉም ነገር በእኔ ልብ ላይ የተንጠለጠለበት ቤት ነበር። ልቤ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። (በየኔታ ቤት አለንጋም ነበረ፤ እሱን አልፈልገውም። የፈለግሁት ጋቢውን ነው።)

ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሰሌዳ አወረድኩት። በጎ በጎ ቀን የምንሠራው ብዙ ነው፤ ልቤ ላልተነሳበት ቀን ግን ሌላ፣ በጣም ትንሽ ሥርዓት አበጀን። ትልቋ ለማሙሽ ፊደል ታስቆጥራለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሼ እሰማለሁ። ቀጥሎ እሷ ለሁለታችን አንድ ገጽ ታነባለች። ከዚያ ቤቱ ራሱ የሚጠይቀውን ሥራ አብረን እንሠራለን። ያ ከተሠራ ቀኑ ትምህርት ነበረው ብለን እንዘጋዋለን።

እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነ ደግሞ ሌላ አስተማሪ አያስፈልግም። ሊጡ ከተቦካ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ማሙሽ ከላይ ያቀረረውን ውሃ ይቀዳል፤ ትልቋ አብሲቱን ትጥላለች፤ እኔ ምጣዱን አሰሳለሁ። አንድ እንጀራ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? 25 እንጀራ ለመጋገር ስንት ሰዓት? መብራት 5 ሰዓት ላይ ቢጠፋ ስንቱ ይደርሳል? ይህ የመጨረሻው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም፤ እኛ ሰፈር እውነተኛ ጥያቄ ነው። አንድ ቀን ማሙሽ አክንባሎው ሲነሣ ጎንበስ ብሎ እንጀራውን እያየ «ዓይኑን ማን ይበሳዋል?» አለኝ። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እንዳሉ፣ የጤፉን ስኳር በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር እንደሚያወጡ፣ አየሩ ሲሞቅ ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኑን እንደሚከፍተው ነገርኩት። እንደቆምኩ፣ እጄ ሊጥ እንደሆነ። ያን ጠዋት ከአልጋዬ ለመነሣት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥተን የሰፈራችንን ስም ብቻ ተማርን። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ቦታ ባሌ ውስጥ እንዳለ፣ እሱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ካርታ ላይ አሳየኋቸው። ትልቋ ጣቷን ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ስትወስድ መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች ሁሉ አነበበች። ማሙሽ ደግሞ ወደ አዳማ የሚወርዱትን ተሳቢዎች ቆጠረ። ከዚያ በላይ ምንም አልሠራንም።

የሰባት ማባዣ ግን በልቤ እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀዳዳ በኋላ ልነካው ፈርቼ ወራት አሳለፍኩ። አንድ ጠዋት ጋቢ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ትልቋ ማሙሽን እያስቆጠረች ድንገት ዝም አለች። ከዚያ በራሷ መቁጠር ጀመረች። «ሀ፣ ሰባት። ለ፣ ዐሥራ አራት። ሐ፣ ሃያ አንድ…» እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት እንዳለው፣ ገበታው ራሱ የሰባት ማባዣ መሆኑን ያየችው ብቻዋን ነው። መ፣ ሃያ ስምንት። ሠ፣ ሠላሳ አምስት። ረ፣ አርባ ሁለት። ሰ፣ አርባ ዘጠኝ። «ሸ፣ ሃምሳ ስድስት!» ብላ ጮኸች። ፐ ላይ ስትደርስ 33 ፊደል፣ 231 ሆነ። መጥታ ጋቢውን ከፊቴ ላይ ገለጠችና «እማዬ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሸ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። አቅፌያት ቆየሁ። እኔ አላስተማርኳትም። እኔ ተኝቼ ነበር።

ርዕሱ ላይ ወዳለው ነጥብ ልመለስ። ከእማማ ጋር ከተነጋገርን በኋላ፣ ልቤ ያልተነሳበትን ቀን ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ቀይ ነጥብ ማድረግ ጀመርኩ። ይህን ያደረግኩት የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው፤ የጎደለ ነገር ሲኖር መጀመሪያ የት እንደጎደለ መመዝገብ ለምጃለሁ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ቆሜ አየሁት። ነጥቦቹ እንደ ዝናብ የተበተኑ አልነበሩም። አብዛኞቹ የተቀመጡት የውሃ ሌሊት ማግስት ነው።

የእኛ ሕንፃ ውሃ በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የሚመጣው፤ እሱም ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ። ቧንቧውን ከፍተን ሥሩ ባዶ ባልዲ አስቀምጠን እንተኛለን፤ ጠብታው ባልዲውን ሲመታ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል። በርሜሉን፣ ጄሪካኖቹን፣ ድስቱን ሳይቀር ሞልቼ ስጨርስ ዶሮ ሊጮኽ ነው። ይህን ዓመታት ስሠራው ኖሬያለሁ፤ ከጠዋቱ ድብርት ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ስንፍና፣ የፍቅር ማነስ፣ የእምነት ማነስ እያልኩ የማልሰጠው ስም አልነበረም። እንቅልፍ ነበር የጎደለኝ። ማታ ለባለቤቴ የቀን መቁጠሪያውን አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንዱን የውሃ ሌሊት እሱ ይዞታል። ለማግስቱም ከባድ ትምህርት አላስቀምጥም።

ሁለተኛው የነጥብ ክምችት ሁዳዴ ላይ ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ልጅ ማስተማር ቀላል አይደለም። ጾሙን አልተውኩም፤ ሰዓቱን ግን አዛወርኩት። በጾም ሒሳቡ ማለዳ ያልቃል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ይጫወታሉ ወይም ይሥላሉ፣ እኔ ጋደም እላለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ከነጥቦቹ ጋር የመጣው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ትልቋ የቀን መቁጠሪያው ሥር ቆማ ረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ቀዮቹ እኔ ያጠፋሁባቸው ቀኖች ናቸው?» ደነገጥኩ። ለካ ስንት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ እያሰበች ነው የዋለችው፤ ነጥብ ባየች ቁጥር ያን ቀን ምን እንዳጠፋች እየፈለገች። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። «የእኔ ቀኖች ናቸው። እንቅልፍ ሳይበቃኝ ሲቀር፣ ወይም እንዲያው ልቤ አልነሳ ሲለኝ የማደርጋቸው ናቸው። አንቺ አላጠፋሽም። እናንተን አይደለም የደበረኝ።» ወላጆች ድካማችንን ከልጆች ስንደብቅ የምንጠብቃቸው ይመስለናል። እኔ እስከማየው፣ ምክንያቱን ካልነገርናቸው ልጆች ምክንያቱን ራሳቸው ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ፊቴን ታይና «ዛሬ ነጥብ ነው?» ትለኛለች። ከሆነ «ነው» እላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ግን ነጥቡ ከቁጥጥር ወጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ አንድም ንጹሕ ቀን አልነበረም። በውሃም በጾምም የሚመካኝ አልነበረም፤ ምግብ አስጠላኝ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ልጆቹ ሲስቁ እንኳ አልስቅም። ጠበል፣ ዕረፍት፣ ሁሉም መከረኝ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜ ተመረመረ፤ ደም ማነስ ነበረብኝ። የተሰጠኝን የብረት ክኒን ከሻይና ከቡና አርቄ እንድወስድ ተነገረኝ፤ ሁለቱም ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ስለሚያግዱ። ያከመችኝ ባለሙያ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሐዘኔ፣ መኖር አስጠልቶኝ እንደሆነም በእርጋታ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ አለቀስኩ። ድብርቱ በየቀኑ እየመጣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። ይህን የምጽፈው አንዷ እናት እንደ እኔ «ልፍስፍስ ሆኜ ነው» እያለች ወር እንዳትጠብቅ ነው። እባክሽ ሂጂ።

ፍርሃቱ አሁንም አለ። በበዓል ዘመድ ሲሰበሰብ «ስንተኛ ወጣች?» የሚል አይጠፋም፤ አማቴ አሁንም ልጆቹ «እውነተኛ ትምህርት» እንዲጀምሩ ይጸልያሉ፤ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የ6ኛ ክፍል ፈተና አለ። የምናስተምረው በትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት ነው፤ ቢሆንም የነጥብ ቀን ሲመጣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። ያ ቁጥር ሲነገር አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። በደኅና ቀን ስሰማው ለትምህርት ቤቱም ለቤቱም የተላለፈ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። በነጥብ ቀን ግን የልጄን ስም የጠራ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ልጄን ጠርቼ ተጨማሪ ሒሳብ ልሰጣት እጄ ይነሣል። የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፍርሃት የያዘኝ ቀን አዲስ ሥራ አልሰጥም። ሥራ የምሰጠው በማግስቱ ነው። ማግስቱን ያልጠበቅኩባቸው ጊዜያት የት እንዳደረሱኝ ያ የተቀደደ ወረቀት ይመሰክራል፤ ደብተሩን አስቀምጬዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞም ያቺን ብርጭቆ እንደያዝኩ ትልቋ ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «ነጥብ ነው?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። ጋቢውን ሶፋው ላይ ዘርግታልኝ ማሙሽን ጠራችው።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ እኔ በደኅና ተነሣሁ። ሌሊቱን የያዘው ባለቤቴ ነበር፤ ጠግቤ ተኝቻለሁ። ሻይ አፍልቼ፣ ደብተር ዘርግቼ ስጠብቅ ትልቋ አልመጣችም። ልጠራት ስወጣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ዓይኔ አረፈ። በሐሙስ ላይ በሰማያዊ እርሳስ የተደረገ ትንሽ ነጥብ አለ። የእኔ ቀለም አይደለም።

ሶፋው ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት፤ ጋቢው እስከ ራሷ ድረስ። ምን ሆነሽ አላልኳትም። አጠገቧ ተቀመጥኩና እግሯን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ማሙሽ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ሄዶ የፊደሉን ካርቶን አመጣ፣ ወንበር ላይ አቆመው፣ የወጥ ማማሰያውን እንጨት አነሣና አንዱን ፊደል ነካ።

«ይኼ ማነው?»

ከጋቢው ውስጥ ምንም አልተሰማም።

«እኅቴ፣ ይኼ ማነው?»

«ሸ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ስንት ነው?»

ጋቢው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ሃምሳ ስድስት» አለች።